ከተማን በእግር፣ ታሪክን በጉርሻ



ወደ ውጭ አገር ብቅ የሚል ሰው በየከተማው «የምግብ ጉብኝት» የሚባል ነገር ያጋጥመዋል። አንድ አስጎብኚ ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ በእግር ይዞራል፤ ከዚህ ሱቅ ትንሽ፣ ከዚያ ገበያ ትንሽ እያስቀመሰ የከተማውን ታሪክ ይተርካል። «ለመብላት ደግሞ አስጎብኚ ምን ያስፈልጋል?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ዛሬ ወደ ፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ወደ ማርሴይ አብረን እንሂድና መልሱን እንፈልግ።

ማርሴይን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ የቆረቆሯት፣ ዛሬ ቱርክ ከሚባለው አገር በመርከብ የመጡ ግሪኮች ናቸው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ መርከበኞቹ ሲደርሱ የአካባቢው ንጉሥ ልጁን ለመዳር ደግሶ ነበር። እንግዶቹንም ወደ ማዕዱ ጠራቸው። ልጅቱ ለመረጠችው ሰው ጽዋ መስጠት ነበረባት፤ እርስዋም ጽዋውን ለእንግዳው ሰው ሰጠችው። እንግዲህ ከተማይቱ እንግዳ በተቀመጠበት ግብዣ ላይ ተወለደች ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጉዞው ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ወደብ ይጀምራል። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን እዚያው የውሃው ዳር ላይ ይሸጣሉ። የከተማይቱ ዝነኛ ምግብ ቡያቤስም የተወለደው ከእነዚህ ሰዎች ድስት ነው። ጥሩ ጥሩው ዓሣ ለገበያ ይሄዳል፤ እሾሃሙና ገዢ ያጣው ለአጥማጁ ቤተሰብ ይቀራል። ያንን በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በእንስላልና በወይራ ዘይት ቀቀሉት፤ ሳፍሮን የተባለውንም ቅመም ጨመሩበት። ዛሬ ግን ቡያቤስ ከውድ ምግቦች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1980 የከተማይቱ ምግብ ቤቶች ስሙ እንዳይበላሽ ብለው የስምምነት ሰነድ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ቢያንስ አራት ዓይነት ዓሣ እንዲገባበት፣ ዓሣውም በተመጋቢው ፊት እንዲቆረጥ ይላል። በእግር ጉብኝት ላይ ይህን ሙሉ ማዕድ አትጠብቁ፤ ታሪኩን ግን ትሰማላችሁ።

ከወደቡ ወዲያ ማዶ እ.ኤ.አ. ከ1781 ጀምሮ የሚሠራ ዳቦ ቤት አለ። ናቬት የሚባለውን፣ የብርቱካን አበባ ውሃ የሚሸትተውን ደረቅ ብስኩት ይጋግራል። ቅርጹ ጀልባ ነው። አገሬው ማርያም መግደላዊትንና አልዓዛርን ወደዚህ ባሕር ዳርቻ ያመጣችውን ጀልባ ያስታውሳል ይላል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ሳይሆን የአገሩ ትውፊት ነው።

ፓኒስ የሚባለውን ስትቀምሱ ደግሞ ፈገግ ትላላችሁ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ ሲጠነክር ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል። ሽሮ ያሳደገው ሰው ሽምብራን በሌላ ልብስ አገኘው ማለት ነው! ይህ ወደብ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በሐረር ቡና ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ታምሞ የተመለሰው ወደዚህ ከተማ ነበር፤ እግሩ ተቆርጦ እ.ኤ.አ. በ1891 እዚሁ አረፈ።

ከወደቡ ጥቂት ወጣ ሲሉ ኖዋይ የተባለው ሰፈር ይገኛል፤ «የማርሴይ ሆድ» ይሉታል። ከአልጄሪያ፣ ከቱኒዚያ፣ ከኮሞሮስና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች ቅመሙን፣ ወይራውን፣ ትኩስ ቂጣውን ዘርግተው ይጣራሉ። የካሜራው ድምፅ የሚበዛው እዚህ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2018 በዚሁ ሰፈር፣ በዶባኝ መንገድ ላይ ያረጁ ቤቶች ተደርምሰው 8 ሰዎች ሞተዋል። ሽታው ደስ የሚለው መንገድ ሰዎች የሚኖሩበትና የሚያዝኑበት መንገድም ነው።

አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል ላልነው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ አስጎብኚ ሻጩን በስሙ ጠርቶ ያስተዋውቃችኋል፤ ምግቡን ብቻ ሳይሆን የሠራውን እጅ ያሳያችኋል። ያለዚያ ግን የሰውን ድህነት እየተመለከትን የምንበላ ተመልካቾች ብቻ እንሆናለን።

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ፦ ቁርስ ቀለል አድርጉ፤ ምቹ ጫማ አድርጉ። የማይስማማችሁን ምግብ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በከተማው ፓስቲስ የሚባል መጠጥ የተለመደ ነው፤ አልኮል የማትጠጡ መሆናችሁን ብትናገሩ የሚከፋው የለም። ሰውን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ልጆቻችሁን ከያዛችሁ «ይህን ማን ሠራው? ከየትስ መጣ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከጉብኝቱ በኋላም ተመልሳችሁ ከዚያው ሱቅ ግዙ።

ለመሄድ ያልታደላችሁም አትዘኑ። በምትኖሩበት ከተማ ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሸጠውን እናት ስሟን ሳትጠይቁ ስንት ዓመት ገዝታችኋል? የመጀመሪያው ጉብኝት ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ማርሴይ እንግዳን በማዕድ ተቀብላ ተወለደች፤ ከእንግዳው የሚጠበቀው ደግሞ የጋበዘውን ሰው ፊት ማየት ነው።