ቆሽታችን በሦስት አውታር

«ቆሽቴ አረረ» እንላለን እንጂ፣ ከጨጓራ ጀርባ መደበቁን ስንቶቻችን እናውቃለን? በነርስነት ዘመኔ የቆሽት ናሙና ማለት ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ነበር። በዚያ ላይ እንደ ዛፍ የተቀጣጠለው ቱቦ የተበታተነ ክብ ክብ ነገር ይመስላል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ተከታታይ ቁራጮችን በኮምፒውተር ደራርበው ጥልቀት ያለው ምስል ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ደህና በሚመስል የቆሽት ሥጋ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በአማካይ 13 ቅድመ ካንሰር ለውጦች አግኝተዋል። አትደንግጡ! በሙሉ ቆሽት ሲሰላ በመቶዎች ይሆናል፤ በቆሽት ካንሰር የሚያዘው ሰው ግን ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ለውጦች እዚያው ይቀራሉ ማለት ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን ቶሎ ይታይ። ምስሉ የሚሠራው ከሰውነት በወጣ ሥጋ ነውና «እኔንም አንሡኝ» ብላችሁ ሐኪሙን እንዳታስቸግሩ።