ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሰፈራችን ስም ነው

ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው በሰፈራችን ውስጥ በርበሬ ቀንጥሶና አስፈጭቶ፣ ሽሮ አዘጋጅቶ፣ ቆሎ ቆልቶ፣ ማር አጣርቶ በመሸጥ የሚተዳደረው ቤተሰብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የሙያቸውንም ነገር ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ሙያ ብቻውን ገበያ እንደማያወጣ ባለፈው የዓቢይ ጾም ዋዜማ በተከፈተው ባዛር ላይ በዓይናችን አይተናል።

ከጎረቤቶቻችን አራት እናቶች አንድ ጠረጴዛ ተከራይተው በርበሬና ሽሮ ይዘው ቀርበው ነበር። ገዢ ይመጣል፣ ከረጢቱን ያነሣል፣ ያገላብጣል። "የማን ነው? መቼ የተፈጨ ነው?" ይላል። "የእኛው ነው፣ በዚሁ ሳምንት ነው ያስፈጨነው" ይሉታል። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። እዚያ ያለው ከረጢት ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ስሙ፣ ክብደቱ፣ ቀኑ ተጽፎበታል። ማታ ላይ የዚያኛው ጠረጴዛ ባለቤቶች ባዶ ካርቶን ሲያጣጥፉ የእኛዎቹ ያመጡትን ተሸክመው ተመለሱ።

የሚያስቆጨው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ከተረፈው አብዛኛውን አንድ ነጋዴ በርካሽ በጅምላ ወሰደው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያው በርበሬ የነጋዴው ወረቀት ተለጥፎበት በእጥፍ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። ኮረሪማ የምታበዛው እናት ቀምሳ የራሷ መሆኑን ለየችው። ነጋዴውን ሌባ ልንለው አንችልም፤ ከፍሎ ነው የወሰደው። እኛ ስማችንን ሳንጽፍበት ለሰጠነው እቃ እሱ የራሱን ስም ቢጽፍበት በማን ይፈረዳል?

በዚህ ምክንያት የሰፈራችን አምራቾች መለያ ወረቀት፣ በተለምዶ ሌብል ወይም ስቲከር የሚባለው፣ እንዲሠራላቸው ለማኅበሩ ኮሚቴ ጥያቄ አቅርበዋል። ሦስት ዓይነት ሐሳብም ቀርቧል። አንደኛው፣ ማኅበሩ አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በብዛት አሳትሞ መዋጮ ለከፈለ ሁሉ ያድል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ እንደፈቀደው ያሠራ፣ ማኅበሩ አይግባበት የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ቅርጹና የሰፈሩ ምልክት የጋራ ሆኖ የአምራቹ ስም፣ የእቃው ዓይነትና ቀኑ ለየብቻ ይጻፍ፤ ወረቀቱም የሚሰጠው እቃውን ለማስመርመር ፈቃደኛ ለሆነ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ይህ ዝግጅት ክፍል ሦስተኛውን ይደግፋል። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ምን መናገር እንዳለበት እንይ። ገዢው በባዛሩ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ራሱ መልሱን ይዟል። ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ስንት ይመዝናል? ማን ሠራው? የት ይገኛል? መቼ ተመረተ? እስከ መቼ ይቆያል? እነዚህ ሰባት ነገሮች ያልተጻፉበት ወረቀት ምንም ያህል ቢያምር ጌጥ ነው እንጂ መለያ አይባልም።

የተሠራበት ነገር ሲጻፍ በክብደት ብዙ የገባው ከፊት፣ ትንሽ የገባው ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብም የሚያዘው ይህንኑ ነው። በርበሬ ከሆነ በርበሬው ይቀድማል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጨውም ሳይቀር እንደየመጠኑ ይከተላል። "ቅመሜ ምስጢሬ ነው፣ ለምን እገልጣለሁ?" የምትል እናት አትጠፋም። ምስጢሩ ያለው በልኩና በአሠራሩ ነውና ልኩን ጻፊ ያላት የለም። ስሙን መደበቅ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ኦቾሎኒ ቢቀምስ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አለ። የወተት ዱቄት የገባበትን ነገር ሳያውቅ በጾም ቀን የሚበላ አለ። ሁለቱም ያመኑት በወረቀቱ ነው።

ክብደቱ ሲጻፍ የከረጢቱ ሳይቆጠር የተጣራው ይሁን። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ሲከርም ክብደቱ ይቀንሳል፤ ከዚያም የከፋው እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። ሻጋታው የሚተወው መርዝ ደግሞ ቢቀቅሉትም ቢያቁላሉትም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ማድረቁ ሳያልቅ ማሸግ፣ ታሽጎም የቆይታ ቀን በግምት መጻፍ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

የቀኑ ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ከሰፈራችን በርበሬ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ባሕር ማዶ ላሉ ልጆቻችን የሚላክ ነው። "እስከ ኅዳር 2018" ተብሎ ብቻ ቢጻፍበት እዚያ ያለ ሰው ቀኑን ከዓመታት በፊት ያለፈ አድርጎ ያነበዋል፤ የእናቱን ድካም ወስዶ ቆሻሻ ውስጥ ቢጨምረውም አይፈረድበትም። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ "ዓ.ም." ይጻፍ፤ ወደ ውጭ ለሚሄደው ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን።

አሁን ወደ ውበቱ እንምጣ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ የእኛ እቃ መልከ ጥፉ ባይሆንም ስም አይጠላም። ስለ ማማር ብዙ ሰው የሚያስበው ቀለም ማብዛትን ነው። ሞሰቡም፣ ጀበናውም፣ ሰንደቅ ዓላማውም፣ አበባውም በአንዲት ወረቀት ላይ ሲጠጋጉ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። አንድ ሥዕል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም፣ በዙሪያው ባዶ ቦታ፣ በመካከሉ ጎልቶ የተጻፈ ስም ይበቃል። በቀይ በርበሬ ላይ ቀይ ወረቀት አይታይም፤ ነጣ ያለ መደብ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ጽሕፈት ይሻላል። ለማር ደግሞ ቢጫው ራሱ ጌጥ ስለሆነ ወረቀቱ ትንሽ ሆኖ ማሩን ባይሸፍነው ይመረጣል።

ስለ ፊደላችንም እናስታውስ። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያ ነው። "ሸ" እና "ሽ"፣ "ሬ" እና "ሪ" የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትጠፋለች፤ ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም ማለት ነው። ቀላል መፈተኛ አለ። ወረቀቱን ከረጢቱ ላይ ለጥፉና መደርደሪያ ላይ አድርጉት፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ስሙን አንብቡ። ቀጥሎ በእጃችሁ ያዙትና መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት ቀኑን እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። አንዱ ካልተነበበ ፊደሉ ይጨመር፣ ሥዕሉ ይቀነስ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለወረቀትም ይሠራል። በአንዳንድ የቤት ማተሚያ የወጣ ጽሑፍ እርጥብ እጅ ሲነካው ቀለሙ ይሮጣል። ስለዚህ አንዱን ወረቀት አትሞ ውኃ ጠብ አድርጎ ማየት ነው። ቅባት የነካው ጠርሙስ ላይ ወረቀት አይያዝም፤ ጠርሙሱ ታጥቦና ደርቆ ይለጠፍ። በርበሬ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሰፋ ብሎ ከረጢቱን ቢሸፍን፣ ገዢው የሚያይበትም ትንሽ ቦታ ቢተው መልካም ነው። ስለ ወጪውም የሚያስፈራ ነገር የለም። 9 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ከአንድ ኤ4 ገጽ 10 ይወጣል። ቀኑ ባዶ ተትቶ ከታተመ በኋላ በማኅተም ቢመታ ያው ወረቀት ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

በስብሰባው ላይ አንድ ወጣት "ገበያ ላይ የታወቀውን የእገሌን ወረቀት ትንሽ ለወጥ አድርገን ብናሠራስ?" ብሎ ነበር። ብልህ ልጅ ነው፤ ሐሳቡን ግን አንቀበልም። ገዢው ተታልሎ አንድ ቀን ይገዛል፤ ሲቀምሰው ቢወደው እንኳ በሚቀጥለው ወር ሄዶ የሚፈልገው የዚያኛውን ስም ነው። እኛ ለፍተን ለሌላው ስም ሠራን ማለት አይደለም እንዴ? ከዚህም በላይ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ስለሆነ ነገሩ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ይኸው አዋጅ ለእኛም ይጠቅመናል። የሰፈራችን ምልክት ከተመዘገበ ጥበቃው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ይታደሳል። "ንጹሕ በርበሬ" የሚል ስም ግን ብቻውን ለመመዝገብ አይሆንም፤ እቃውን የሚገልጽ ቃል የሁሉም ነውና። የራሳችን የሆነ ስም እናውጣ።

ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከቡናችን መማር ይቻላል። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈረመ። አገር ለቦታ ስም ያን ያህል ከተሟገተ እኛ ስማችንን በባዶ ከረጢት መስጠታችን ያሳፍራል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ ሌላ ቅባት ተቀላቅሎ መገኘቱን ሁላችንም ሰምተናል። ወረቀቱ መዋጮ ለከፈለ ሁሉ የሚታደል ከሆነ አንድ ሰው ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ የአርባው ቤት እንጀራ ይዘጋል። "መዋጮዬን ከፍያለሁ፣ ወረቀቴን ስጡኝ" የሚለው አቤቱታ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን መዋጮ የሚገዛው ወረቀቱን እንጂ የጎረቤትን ስም አይደለም። ስለሆነም በየምርቱ ዙር አንድ ቁጥር ይሰጥ፤ ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከየዙሩ አንድ ትንሽ ከረጢት ታሽጎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ቅሬታ ሲመጣ ናሙናው ይከፈታል፤ ጥፋት ከተገኘም የዚያ ዙር ብቻ ይሰበሰባል፤ የሌላው ሰው እቃ ከሱቅ አይወርድም። ንጹሑንም ሰው ከሐሜት የሚያድነው ይኸው ናሙና ነው።

"መቶ በመቶ"፣ "ለስኳር በሽታ ፍቱን"፣ "ደም የሚያጠራ" የሚሉ ቃላትም ከወረቀታችን ላይ ይቅሩ። ምግብን በሚመለከት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሸማቹን የሚያሳስት ጽሑፍን አይፈቅድም። ሕጉ ባይኖርስ? መድኃኒቱን ትቶ ማራችንን የሚልስ በሽተኛ ቢኖር ምን ብለን ለቅሶ እንደርሳለን?

ወረቀቱ ፈቃድን እንደማይተካም መርሳት የለብንም። ለሱቅ የሚያቀርብ ሁሉ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ የሚፈለግበትን ያሟላ፤ ለዚህ ኮሚቴው አብሮ ቢሄድ መልካም ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ጉዳዩ ውሳኔ ያግኝ። እያንዳንዱ አምራች ሲመጣ አንድ ከረጢት እቃውን፣ የገባበትን ነገር የጻፈበት ወረቀትና ለጋራው ምልክት የሚሆን አንድ ስም ይዞ ይምጣ። ሥዕል የሚችሉ ወጣቶቻችንም እርሳሳቸውን አይርሱ። በሚቀጥለው ባዛር ያች ኮረሪማ የምታበዛው እናት "የማን ነው?" ሲሏት ከረጢቱን አዙራ ታሳያቸው።

የዝግጅት ክፍሉ