በቀቀን ከማምጣታችሁ በፊት ቤቱን ሥሩ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ መውረጃ ቦይ፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ዕድር መዋጮ ሲጻፍ ኖሯል። ዛሬ ስለ ወፍ ቤት ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ቀልድ ግን አይደለም። በየግቢያችን በዘይት ጄሪካን ቁራጭ፣ በካርቶንና በጠባብ ሽቦ ውስጥ የታጎሩ በቀቀኖች አሉ። ይህን ሁላችንም እናያለን፤ እያየንም እናልፋለን።

እኔ በሙያዬ አናጢ ነኝ። ስለዚህ «አባባ፣ ለወፋችን ቤት ይሥሩልን» የሚሉ ልጆች ደጄን ያንኳኳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤቴም እንዲሁ ጠየቀኝ። ከሥራ የተረፈ የዶሮ ሽቦ ነበረኝ። አራት ሞራሌ አቁሜ ሽቦውን መታሁበት፤ ለመቆሚያ ደግሞ ቁራጭ የውሃ ቧንቧ አጋደምኩበት። ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ፤ ሲያዩትም ያምር ነበር። ወፉ ግን ሽቦውን ሌት ተቀን ሲያኝክ ከረመ። ውስጥ እግሩ ቆሰለ፣ መብላት ተወ፣ በመጨረሻም ሞተ። የምን ሕመም እንደሆነ መርምሮ የነገረን የለም። ሽቦውና ቧንቧው ግን የእኔ ሥራ ነበሩ። የጎረቤቴ ልጅ ወፉን በጨርቅ ጠቅልላ ስትቀብር ቆሜ አይቻለሁ። ይህን አስተያየት የምጽፈውም ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተማርኩትን ለማካፈል ነው።

በመጀመሪያ፣ በቀቀን ምን ዐይነት ወፍ እንደሆነ እንወቅ። በጋምቤላ ዛፎች ላይ ከምናያቸው አንዱ ሜየር የሚባለው ነው፤ ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ አረንጓዴ፣ ክንፉ መታጠፊያ ላይ ቢጫ ጣል ያለበት። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ሌላው ጭራው ረጅም፣ ላባው አረንጓዴ፣ ወንዱ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው ነው። የበቀቀን እግር እንደ ዶሮ አይደለም፤ ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አለው። በምንቃሩ ያኝካል፣ በምንቃሩ ይወጣል፣ በምንቃሩ ይሠራል። በደህና ከተያዘም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። እንግዲህ በቀቀን ያመጣ ሰው ለአንድ ክረምት መጫወቻ አላመጣም፤ ልጁ አድጎ እስኪዳር ድረስ አብሮት የሚኖር ቤተሰብ አምጥቷል ማለት ነው።

ስለ ቤቱ ስፋት ልንገራችሁ። ወፍ እንደ ሰው በደረጃ አይወጣም፤ የሚበረው ወደ ጎን ነው። ስለሆነም ቁመቱ ረጅምና ጠባብ ከሆነ ቤት ይልቅ ርዝመት ያለው ይሻላል። ክብ ቤት ለዐይን ቢያምርም አልመክርም፤ ሽቦዎቹ አናቱ ላይ እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ የወፉን ጣት ወይም ራስ ይይዛሉ። ወፉ ሁለቱን ክንፎቹን ዘርግቶ ግራም ቀኝም ሳይነካ መዞር አለበት። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ክንፉን እንደ ልብ ሊዘረጋ በማይችልበት ቤት ወፍ ማስቀመጥን በወንጀል ያስጠይቃል። ይህ እንግዲህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። እኔ አሁን ለሜየር በቀቀን ብሠራ ርዝመቱን ከ1 ሜትር፣ ወርዱን ከ60 ሳንቲ ሜትር አላሳንስም። ጭራው ረጅም ለሆነው ደግሞ ርዝመቱን 1 ሜትር ከ50 አደርገዋለሁ። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የወፉን ራስ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም፤ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃል።

ሽቦውን በሚመለከት የእኔን ስሕተት አትድገሙ። አዲስ የዶሮ ሽቦ ዝገት እንዳይዘው በዚንክ የተነከረ ነው። በቀቀን ሲያኝከው የዚንኩ ቅርፊት ወደ ሆዱ ይገባና ይመርዘዋል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ቀጭን የብረት ዘንግ ብታስበይዱ ይመረጣል። አቅም ከሌለና የግድ ያ ሽቦ ከሆነ ግን በአቼቶና በብሩሽ አጥብቃችሁ ፈትጉት፣ በውሃ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይም አሰንብቱት። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። አሮጌ ቀለም የተቀባ ብረትም አይሁን፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ መቆሚያው እንምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ሽቦው ይጨነቃል እንጂ ስለ ቆጡ የሚያስብ የለም። እስቲ አስቡት፤ ወፍ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ሌሊቱንም ቆሞ ያድራል። እኛ አንድ ጫማ አሥር ዓመት ሙሉ ሳናወልቅ ብናደርግ እግራችን ምን ይሆን ነበር? ቧንቧ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ልሙጥና ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ የወፉን ውስጥ እግር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጫነዋል፤ ቁስሉም የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቆጡ ልጡ ያልተላጠ፣ አንድ ቦታ ቀጠን ሌላ ቦታ ወፈር ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሁን። ልኩን በእግሩ እወቁ፤ ጣቶቹ እንጨቱን ከግማሽ በላይ አቅፈው ጥፍሮቹ ግን መነካካት የለባቸውም።

የዘይቱና ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፍም እንዲሁ። የማንጎ ከሆነ ወዙ እስኪደርቅ ቆዩ። ተባይ ማጥፊያ የተረጨ ዛፍ አትንኩ። አቮካዶ ግን ቅርንጫፉም ሆነ ፍሬው ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ልጆች ከምሳቸው ቆርሰው እንዳያጎርሱት አደራ። ቆጦቹን ከምግቡና ከውሃው በላይ አታድርጉ፤ ኩሱ ይወድቅበታል። ሁለት ወይም ሦስት በተለያየ ከፍታ ይበቃሉ፤ አንዱ ለማደሪያ ከፍ ይበል፣ መካከሉ ለመብረሪያ ይተው። ወፉ ቆጡን አኝኮ ሲጨርሰው አትቆጡ፤ ማኘክ ሥራው ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ቁረጡለት።

ቤቱ የሚቀመጥበት ቦታም እንደ ቤቱ ሁሉ ያስፈልጋል። የየካቲትንና የመጋቢትን የጋምቤላ ሙቀት የማያውቅ በመካከላችን የለም። እኛ እንኳ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ቀትር ላይ መቀመጥ አንችልም፤ ወፍ ደግሞ ጨርሶ አያልበውም። ምንቃሩን ከፍቶ ካለከለከና ክንፎቹን ከሰውነቱ ካራቀ ሞቆታል ማለት ነው። በዛፍ ጥላ ወይም ነፋሻ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ አንዱ ጎኑ ግድግዳ ይደገፍ፣ የሚታጠብበት ሳህንም ይኑረው። ማታ ግን እባብ፣ ድመትና ጉንዳን ስላሉ ወደ ቤት ይግባ።

ማድ ቤት ውስጥ ግን በምንም ምክንያት አታስገቡት። የወፍ ሳንባ አየርን ከእኛ ይበልጥ አጥብቆ ይስባል፤ ጭሱንም እንዲሁ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው መርዘኛ ጋዝ ከሰው በፊት ወፏን ስለሚጥል ነው። ዛሬ በየቤቱ የገባው የቴፍሎን መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለኛ ሳይሸተን ወፉን ሊገድለው ይችላል። የወባ ርጭት ሠራተኞች ሲመጡም ወፉን አውጡት፤ የተረጨው እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ አይመለስ። የተነከረ አጎበርም ቤቱ ላይ አታልብሱ፤ ያኝከዋልና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ኧረ እኛ ራሳችን መች ጠግበን አደርንና ነው ለወፍ ቪላ የምንሠራው!» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቤቱን በቅድሚያ ሥሩ። ብረቱን፣ የብየዳውን ዋጋ፣ ቦታውን፣ የሃያ ዓመት ቀለቡን አስሉ። አስልታችሁ ከከበዳችሁ ወፉ ዛፉ ላይ ይቅር፤ እዚያ ቤቱ ነጻ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ ከዚህ በተቃራኒው «የወፍ ቤት አሠራር ማስተማር ወፍ ያዙ እንደ ማለት ነው፤ ባትጽፈው ይሻል ነበር» ብለውኛል። አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። ወፎቹ አሁንም በጄሪካን ውስጥ ናቸው። ዝም ብንል ነገ ይሞታሉ፤ ልጆቹም ሌላ ያመጣሉ። እንዲህ እየተባለ ነው አንድ አገር ወፍ የሚያልቅበት። በጋና ግራጫው በቀቀን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከመቶ 90 በላይ ቀንሷል፤ ምክንያቱም ደኑ መመንጠሩና ወፉ ለሽያጭ መያዙ ነው። በቀቀን የሚወልደው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ጫጩቱን ለማውጣት ሽንቁሩ ይፈለፈላል፣ አንዳንዴም ዛፉ ይወድቃል፤ ለከርሞ የሚወልድበትም ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሕጉንም አንርሳ። ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንም ሆነ መነገድን ይከለክላል። አገራችንም በ1981 ዓ.ም. የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ሆናለች። ስለሆነም ወፍ ያለን ሰዎች ወደ ክልላችን የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ሄደን እንጠይቅ፤ መደበቅ አይበጅም። በእጅ ያደገን ወፍ ግን በር ከፍቶ «ሂድ» ማለት ነጻ ማውጣት አይደለም። ምግቡን መፈለግ ስላልተማረ በማግሥቱ የድመት ቀለብ ይሆናል። ምክር እስኪገኝ ድረስ በደህና ቤት ይቆይ።

በመጨረሻም የምለው ሁለት ነገር ነው። ወፍ የሌላችሁ ከልጅ እጅም ሆነ ከገበያ አትግዙ፤ ገዢ ከሌለ ዛፍ የሚወጣ ልጅ አይኖርም። ወፍ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤቱን ሄዳችሁ እዩት። ቧንቧውን አውጡና ቅርንጫፍ አስገቡለት፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠባብ ቤት ያለው ወደ እኔ ይምጣ፤ እንጨቱንና ብረቱን ያቅርብ እንጂ የእጅ ዋጋ አልቀበልም። አዲስ ለተያዘ ወፍ ግን ቤት አልሠራም፤ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ከሠፈሩ አናጢ፣ የማኅበሩ አባል