ካሜራችን «ትልቁ» ላይ ይሁን!

ዛሬ ስለ ክበባችን ካሜራ የሚሰማኝን ልጽፍ ነው። የክበባችን ልጆች እንዳትቀየሙኝ፤ እኔም አባል ነኝና ጥፋቱ የኔም ነው።

ባለፈው የሒሳብ መምህራችን ጡረታ ሲወጡ ሽኝት አድርገንላቸው ነበር። ያን ቀን ከተነሱት ፎቶዎች አንዱን በኤ4 አሳጥበን ቤተ መጻሕፍት ልንሰቅለው ፎቶ ቤት ወሰድነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አየውና «ይሄ ለስልክ እንጂ ለግድግዳ አይሆንም» አለን። እኛ ግን እምቢ ብለን አሳጠብነው። ፊታቸው ጭጋግ የለበሰ መሰለ፤ ዓይናቸው እንኳን በደንብ አይታይም። ቲቸር አሁን አገራቸው ገብተዋል። ያንን ቀን ደግመን ልናነሳው አንችልም።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ሚሞሪው እንዳይሞላ ብለን ካሜራውን ትንሹ መጠን ላይ አድርገነው ስለነበረ ነው። ፎቶ የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ትንንሽ ነጥቦች ነው። የኛ ካሜራ ትንሹ መጠን 640 በ480 ነው። ስናባዛው 307,200 ነጥብ ይሆናል። ትልቁ ግን 4000 በ3000፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ደግሞ ወደ 3500 በ2480 ነጥብ ያስፈልጋል። ትንሽ ሊጥ ትልቅ ምጣድ ላይ ብታዞሩት እንጀራው ሳስቶ ይቀዳደዳል አይደል? የኛም ፎቶ እንደዚያ ነው የሆነው።

ሌላም አለ። ሜኑው ውስጥ «መጠን» እና «ጥራት» የተለያዩ ናቸው፤ ብዙዎቻችን ግን አንድ ይመስሉናል። መጠን የነጥቦቹ ብዛት ነው። ጥራት ደግሞ ካሜራው ፎቶውን ሲያስቀምጥ ምን ያህል እንደሚጨምቀው ነው። ጥራቱን ዝቅ ካደረግነው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ጥቃቅን ነገሮችን ይጥላል፤ የተጣለው አይመለስም። ስለዚህ መጠኑ ትልቅ ሆኖ ጥራቱ ዝቅ ካለም ፎቶው ይበላሻል።

አንዳንድ ልጆች «ሚሞሪው ይሞላላ!» ይሉኛል። እስቲ ቲቸር እንዳስተማሩን እናስላው። አንድ ትልቅ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን፣ ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪያችን ወደ 800 ፎቶ ይይዛል። በሽኝቱ ቀን ያነሳነው 90 ብቻ ነው! ደግሞም ትልቁን ፎቶ በኋላ ማሳነስ ይቻላል። ትንሹን ማሳደግ ግን ማደብዘዝ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦

1ኛ. ካሜራው ሁልጊዜ ትልቁ መጠንና ከፍተኛው ጥራት ላይ ይሁን። ከዝግጅት በፊት አንድ ልጅ ይየው።

2ኛ. ከዝግጅት በኋላ ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ይገልበጡና ሚሞሪው ይጽዳ።

3ኛ. በቴሌግራም ስንልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንላክ። እንደ ፎቶ ከላክነው ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

በቅርቡ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንሸኛለን። የነሱም ፊት እንዲጠፋብን አልፈልግም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን በክበባችን ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን።



ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል