ፍየሉን ተዉት፤ የሚሸተው አያያዛችሁ ነው

እሁድ ዕለት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ ቤት ገባሁ ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። ገበታ ሲቀርብ ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍየል ነው። በግ ዘንድሮ አይቀመስም" አለኝ። በሹክሹክታ ነው ያለው፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ባለቤቱ የያቤሎ ልጅ ናት። ጭልፋ ይዛ አጠገባችን ቆማ ነበርና ሰማች። አንገቷን ደፋች።

ያን ቅቅል ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁት። ጨዋታውም ደህና ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ያ "ይቅርታ" አላስተኛ አለኝ። ይቅርታ ለምኑ ነው? የተበላሸ ነገር አልቀረበልኝም። በሕይወቴ ከበላኋቸው ቅቅሎች አንዱ እሱ ነው። ልጁ ይቅርታ የጠየቀው ለምግቡ ሳይሆን ለስሙ ነው። "ፍየል" የሚለው ቃል እንግዳ ፊት የሚያሳፍር ሆኗል።

እና ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከብዙዎቻችሁ ጋር ልጣላ ነው። ተዘጋጁ።

"ፍየል ይሸታል" ትላላችሁ። እሺ፣ እንነጋገር። አውራ ፍየል ይሸታል፤ ማን ካደ? ያልተኮላሸ፣ ለአቅመ ማጥቃት የደረሰ አውራ፣ በተለይ ሴት በሚፈልግበት ወቅት፣ ከአጥር ማዶ ይታወቃል። ሽታው የሚመጣው ስቡና ቆዳው ውስጥ ከሚጠራቀሙ የስብ አሲዶች ነው፤ እነሱን የሚያበዛቸው ደግሞ የወንድነቱ ሆርሞን ነው። ከቀንዱ ሥር ከኋላ በኩል ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎችም አሉት። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይሄ የአውራው ጠባይ እንጂ የፍየል ዘር ሁሉ ጠባይ አይደለም። ሴቷ እንዲህ አትሸትም። ግልገሉም አይሸትም። በልጅነቱ ተኮላሽቶ የሰባ ሙክትማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው።

እናንተ ግን ገበያ ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? ቀንዱ የተጠማዘዘውን፣ ጢሙ የረዘመውን፣ ጎረቤት አይቶ "ኧረ ይሄስ ወይፈን ነው!" የሚልለትን አውራ ትመርጣላችሁ። አፉን ከፍቶ ጥርሱን የሚያይ የለም። ከኋላ ዞሮ ሙክት መሆኑን የሚያረጋግጥም ጥቂት ነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ በቀንዱና በጢሙ እየጎተታችሁ ታጋድሙታላችሁ፤ ያው ሰውዬ በዚያው እጁ ቆዳውን ይገፍና በዚያው እጁ ሥጋውን ያገላብጣል። ጠጉሩ ሥጋው ላይ ተለጥፎ፣ የቆዳው ውጭ ከብልቱ ጋር ተሻሽቶ፣ ማታ "ፍየል ይሸታል" ይባላል። የሸተተው የአራጁ እጅ ነዋ! እጅን በሳሙና ታጥቦ ቢላዋ መቀየር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ክስ "ይጠነክራል" ነው። ይሄኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አርደን አምስት ሰዓት ላይ ጥብስ እንፈልጋለን። እንስሳ ከታረደ በኋላ በሚቀጥሉት ሰዓታት ጡንቻው ይኮማተርና ይደርቃል፤ መልሶ እስኪላላ ጊዜ ይፈልጋል። ፍየል ደግሞ እንደ በሬ ከላይ የሚሸፍነው ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርዳል፤ ቶሎ ሲበርድ ይብስ ይኮማተራል። ሌሊቱን ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ቦታ፣ ፍሪጅ ካለም ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው መድኃኒቱ። ዱለቱንና ጉበቱን የዕለቱን ዕለት ብሉ፣ ማን ከለከላችሁ። (የፍየል ዱለት ላይማ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። "ፍየል አልበላም" የሚሉ ሰዎች ዱለት ሲመጣ ዝም ብለው እጃቸውን ሲታጠቡ አይቻለሁ።)

ሦስተኛው "በግ ይጣፍጣል" የሚለው ነው። ይጣፍጣል፣ እኔም እበላለሁ። ግን የምታጣጥሙት ምን እንደሆነ እወቁ፤ ስቡን ነው። በግ ላት አለው፣ በየሥጋው መሀል ስብ አለው፤ ምንም የማያውቅ ሰው ቢጠብሰው ራሱ በራሱ ስብ ይበስላል። በግ የሰነፍ ወጥ ቤት ወዳጅ ነው። ፍየል ስቡን የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ሆዱ ውስጥ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ ዙሪያ ነው። ሥጋው ቀይ ነው፤ 100 ግራም የበሰለ የፍየል ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ስብ 3 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሲበላ ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ትንሽ የዱር እንስሳ ጣዕም አለው።

ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ዘፍጥረት 27ን አንብቡ። ይስሐቅ ዔሳውን አድነህ አምጣልኝ ብሎ ላከው፤ ርብቃ ግን ሁለት የፍየል ጠቦት ሠርታ በያዕቆብ እጅ አቀረበችለት። ሽማግሌው ድምፁን ተጠራጠረ፣ እጁን ዳሰሰ፣ ልብሱን አሸተተ። ወጡን ግን አልጠረጠረም! በልቶ መረቀ። የፋሲካው ጠቦትም ቢሆን ዘጸአት 12 ላይ ከበግ ወይም ከፍየል ነው የተባለው። እኛ ግን ማቴዎስ 25 ላይ ፍየሎቹ በግራ መቆማቸውን ብቻ ይዘን ቀረን። የዋህ ሰው "በግ"፣ ነገረኛ ልጅ "ወጠጤ"። ከስድቡ ወደ ድስቱ የተሻገርን ይመስለኛል።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። የፍየል አገር የትኛው ነው? ቦረና፣ ሶማሌ፣ አፋር፣ ኮንሶ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ዋግ፣ አበርገሌ። ደረቅ አገር ነው፤ በግና በሬ ሲደክም ፍየል ቁጥቋጦ ቀጥፋ ልጅ የምታሳድግበት አገር። እዚያ ለክቡር እንግዳ ፍየል ይታረዳል። ጅጅጋ ሄዳችሁ የማታውቁ ሂዱ፤ ቀስ ብሎ የተቀቀለ ፍየል በሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ በብርጭቆ መረቅ ከሎሚ ጋር። እነሱም "መረቅ" ነው የሚሉት፣ ቃሉ እንኳ አንድ ነው። ሞጆ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች በየጊዜው የሚጭኑት የቆላ ፍየል ሳዑዲና ኤምሬትስ ገብቶ በክብር ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ግን "ይሸታል"። አንዲት የያቤሎ ልጅ በገዛ ቤቷ፣ እናቷ ባስተማረቻት ምግብ፣ ባሏ ይቅርታ ሲጠይቅላት አንገቷን ትደፋለች። ስለ ጣዕም ብቻ እያወራን እንዳልሆነ የገባችሁ ይመስለኛል።

"ታዲያ እንዴት ይሠራ?" ለምትሉ፤ ያቺው ልጅ እንዴት እንደሠራችው ጠይቄያታለሁ። ሙክት ነው፣ ሁለት ቋሚ ጥርስ ያወጣ። ታርዶ አድሯል። አንገቱን፣ ጎኑንና የፊት እግሩን ከነአጥንቱ ቆርጣ በቀዝቃዛ ውኃ ጣደችው። ሲፈላ አረፋውን እየገፈፈች ጣለች፤ ይሄን የሚዘል ሰው መረቁ ቢደፈርስበት አይዘን። ከዚያ ቀይ ሽንኩርት ሳይደቅ በትልቁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ለዓይን ያህል እርድ። ከሰሉን ቀነሰችና ድስቱን ከድና ሁለት ሰዓት ተኩል ተወችው። እየፈላ ሳይሆን እየተንፈቀፈቀ። አጥንቱን የያዘው ጅማት ቀልጦ መረቁ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ የሚሆነው በዚህ ነው፤ በችኮላ እሳት ጅማቱ ጎማ ይሆናል። ጨውና ቃሪያ መጨረሻ ላይ። በርበሬ የለም። በርበሬ የሚያስፈልገው የሚደበቅ ነገር ሲኖር ነው። (ቀይ ወጥ ወዳጆች፣ ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።)

ጥብስ ካላችሁ ደግሞ ከወጣት ፍየል ሽንጥና ጭን ብቻ። ሥጋውን አድርቁት፣ ድስቱ በደንብ ይጋል፣ በትንሽ በትንሹ አግቡት። አንድ ኪሎ በአንዴ ከጨመራችሁ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል፤ ያን ጊዜ ፍየሉን አትስደቡ። ቅቤውና የጥብስ ቅጠሉ ሊወጣ ሲል ይግባ። በሎሚ ሦስቴ እያጠባችሁ የምታነጡትም እባካችሁ ተዉ፤ የሚታጠበው ጣዕሙ ነው።

አንተ ልጅ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ። ስምህን አልጠራሁም። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሁድ ቤታችሁ እመጣለሁ፤ ሙክቱን እኔ ነኝ የምገዛው፣ ጥርሱንም ራሴ ነኝ የማየው። ቅዳሜ ይታረድና ይደር። ሥራውን ግን ለባለቤትህ ተውላት፣ አንተ ሽንኩርት ላጥ።