የጥጥ ክርክር ለኢትዮጵያ ገበሬ ምን ያስተምራል?

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያው ዓመት አራት የአፍሪካ አገሮች፣ ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ፣ ለድርጅቱ አቤቱታ አቀረቡ። የአቤቱታቸው ፍጻሜ ዛሬም በድርድር ላይ ላለችው ኢትዮጵያ ትልቅ ትምህርት አለው።

ነገሩ የጥጥ ነው። ጥጥ ሲረክስ ድጎማ የሌለው ገበሬ ማሳውን ይቀንሳል ወይም ሌላ ይዘራል። የአሜሪካ ጥጥ አምራች ግን ዋጋው ቢወድቅም መንግሥቱ ስለሚደጉመው መዝራቱን አይተውም። ትርፉ ጥጥ ወደ ዓለም ገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይብስ ይወርዳል። ጉዳቱ የማሊ ገበሬ ትከሻ ላይ ያርፋል። አራቱ አገሮች ድጎማው እንዲቀር፣ እስኪቀርም ካሳ እንዲከፈላቸው ጠየቁ።

ብራዚልም በዚሁ ጉዳይ አሜሪካን ከስሳ በ2005 በይግባኝ ረታች። አሜሪካ የሚገባውን ያህል ሳታስተካክል ስትቀር፣ ብራዚል በአሜሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጨምር ተፈቀደላት። ያን ጊዜ አሜሪካ ለድርድር ተቀመጠች፤ በ2014 ክርክሩ ሲዘጋም ለብራዚል ጥጥ አምራቾች 300 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች።

አራቱ አገሮችስ? በካሳ ፋንታ የልማት እርዳታ ቀረበላቸው። በ2015 የናይሮቢው ስብሰባ ወደ ውጭ ለሚላክ የእርሻ ምርት የሚሰጠው ድጎማ እንዲቀር ወሰነ፤ ለገበሬው በአገሩ የሚከፈለው ግን ሳይነካ ቀረ። ብራዚል የአሜሪካን ነጋዴ የሚያስደነግጥ ገበያ ነበራት፤ ቻድ አልነበራትም።

ኢትዮጵያም ገበሬዋን እንደ ሀብታሞቹ የምትደጉምበት ገንዘብ የላትም። የተደጎመ ርካሽ ስንዴ ሲመጣ መከላከያዋ ድንበር ላይ የምታስከፍለው ቀረጥ ነው። አዲስ አባል ደግሞ ለየዕቃው የቀረጥ ጣሪያ ፈርሞ ይገባል፤ ከጣሪያው ቢያልፍ ይከሰሳል። ድርጅቱ በ2012 ያወጣው መመሪያ እጅግ ድሃ ለሆኑ አመልካቾች በእርሻ ምርት ላይ በአማካይ 50 በመቶ ጣሪያ ያስቀምጣል።

ቁም ነገሩ «በአማካይ» የሚለው ቃል ላይ ነው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለት አለበት። ጤፍን ከውጭ የሚያስገባ ብዙ ነጋዴ የለም፤ ከፍተኛውን ጣሪያ እዚያ ላይ ማባከን አያዋጣም። ስንዴና የቅባት እህል ግን ያስፈልጋቸዋል። በሌላ በኩል ቀረጡ ሲበዛ ዳቦ የሚገዛው የከተማ ድሃ ይጎዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ጣሪያ አስፈርሞ፣ ቀረጡን ግን እንደ ዘመኑ ዝቅ አድርጎ ማስከፈል ይቻላል።

ሲገቡ ያላስከበሩትን ኋላ በአቤቱታ ማስመለስ እንዴት እንደሚከብድ አራቱ አገሮች አይተውታል።