ስለ መፋቅና ስለ መመስከር

በቀድሞ ዘመን በብራና የተጻፈውን ቃል ለማጥፋት የፈለገ ሰው በካራ ይፍቀው ነበር፤ ሲፍቀውም እጁ ይደክማል፤ ብራናውም ጠባሳ ያወጣል። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ በሚጽፈውና ሰው ሁሉ በሚያርመው መዝገበ ዕውቀት፤ ማለት በዊኪፔዲያ፤ የሌላውን ቃል መሰረዝ ዓይንን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ቀላል ሆኗል። ከዚህም ቅለት የተነሣ ብዙ ወጣቶች አገራቸውን የወደዱ እየመሰላቸው ፋቂዎች ብቻ ሆነው ቀሩ። እኔ ግን ይህ የአገር ፍቅር አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

በባልቲክ ባሕር ዳር አንዲት ከተማ አለች፤ ፖላንዶች ግዳንስክ፤ ጀርመኖች ዳንዚግ ይሏታል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንዱ ወገን ስሟን ሲጽፍ ሌላው ሲሰርዝ ብዙ ጊዜ ከቆዩ በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ነገሩ ለጸሐፊዎቹ ድምፅ ቀረበ። ውሳኔውም ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ ዳንዚግ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ስላለው ሲጻፍ ግዳንስክ እንድትባል ሆነ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ፈጽሞ የረታ የለም፤ ፈጽሞም የተረታ የለም። «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ «በየትኛው ዘመን?» ወደሚለው ሲለወጥ ነገሩ ለዳኝነት የሚመች ሆነ። «ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» መባሉ ስለዚህ ነው።

አንዳንዱ ግን «እንግዲያውስ ሁሉን በድምፅ ብልጫ እንጨርሰው» ይል ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ለአንዲት ከተማ አጠራር ድምፅ ይበቃ ይሆናል፤ ሰው መገደሉንና አለመገደሉን ግን የእጅ ብዛት አይወስነውም። የክሮኤሽያን ቋንቋ ዊኪፔዲያ ተመልከቱ። ጥቂት አስተዳዳሪዎች ተባብረው ለብዙ ዓመታት ያዙት፤ የሚቃወማቸውን እያገዱም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኡስታሻ መንግሥት በያሴኖቫትስ የእስረኞች ሰፈር የፈጸመውን ወንጀል አቃለው ጻፉ። በዚያ ሰፈር ከተገደሉት ስማቸው ተለይቶ የተመዘገበው ብቻ ከ83 ሺህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ተማሪዎች በዚያ ጽሑፍ እንዳይታመኑ እስከ መምከር ደረሱ፤ የዊኪሚዲያ ድርጅት ያስጠናው ምርመራ የታተመው ግን በ2021 ነው። ስምንት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት ልጅ አምኖ አንብቦ ይሆን? ተሟጋቹ ራሱ ዳኛ በሆነበት ሸንጎ ብዛት ሐሰትን ያጸናል እንጂ እውነትን አይወልድም።

ሌላው ደግሞ «ለሁለቱም ወገን እኩል ቦታ ሰጥተን እንገላገል» ይላል። ይህም አያዋጣም። አለማዳላት ማለት እውነትንና ሐሰትን እኩል መክፈል ሳይሆን፤ ለያንዳንዱ ቃል ምስክር መጥራትና ለምስክሩ ክብደት የሚገባውን ስፍራ መስጠት ነው። የመዝገቡም ሕግ ይህንኑ ይሻል፤ በእንግሊዝኛው ክፍል በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሚሽር ሰው ሊታገድ ይችላል፤ ክርክሩ በውይይት ገጽ ይደረጋል፤ ካልተስማሙም ከጠቡ ውጭ ያሉ ሰዎች አስተያየት ይጠየቃሉ። የተፋቀውም ቃል በታሪክ ማኅደሩ ተቀምጦ መቼ እንደ ተፋቀ ይታያል። የአባቶቻችንስ ሙግት እንዴት ነበር? ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ሲል ባላጋራውን እንዲናገር ይጠይቀዋል እንጂ አፉን አይዘጋውም።

ወጣቶች ሆይ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገር ግን ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። በአማርኛው ዊኪፔዲያ ጸሐፊው ጥቂት ስለ ሆነ፤ አንዱ ያጣመመውን የሚያቃና ሌላ ሰው ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የእናንተ ኃላፊነት ከሌላው ይብሳል። የባላጋራችሁን ቃል ከመሰረዛችሁ በፊት፤ እርሱ ራሱ ቢያነበው «አዎን፤ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክላችሁ ጻፉለት፤ ከዚያ ምስክራችሁን አምጡ። ይህን ለማድረግ ድፍረት ያጣ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ኩራት ነው፤ በአገሩ ስም ግን አያሳብብ።